የእጅ ስልክና የጨርጨር ገበያ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሸቀጥ ነው። ሸቀጡ በሚዛን አይመዘንም፤ በቁና አይሰፈርም፤ በአህያም ሆነ በመኪና አይጫንም። ይሁን እንጂ ከሚኤሶ እስከ ሒርና፥ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ባሉት ከተሞች ሁሉ በየሱቁ ይሸጣል። ይኸውም በእጅ ስልክ የሚመጣው ኢንተርኔት፥ ሕዝቡ በአጭሩ «ዳታ» የሚለው ነው። ይህ ሸቀጥ ለገዢው የሚወደድ፥ ለሻጩም ኩባንያ ትርፍ የሚያስገኝ ይሆን ዘንድ ምን ያስፈልገዋል? ይህን ጥያቄ የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች ምሳሌ አድርገን አብረን እንድንመረምረው እለምናችኋለሁ።

ከመካከላችሁ «የኩባንያ ትርፍ እኔን ምን ያገባኛል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ኩባንያው ትርፍ በማያገኝበት ሸለቆ የስልክ ማማ አይተከልም፤ የተተከለውም ሲበላሽ ቶሎ የሚደርስለት አይገኝም። ማማ የሌለበት መንደር ነዋሪም ልጁ ከባሕር ማዶ ስትደውልለት አይሰማትም፤ የቡናውን ዋጋም የሚያውቀው ገዢው ከነገረው በኋላ ነው። እንግዲህ የሻጩ ትርፍና የገዢው ጥቅም በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው።

አገሩን ለማያውቁት ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬ ዳዋ በመኪና የሚጓዝ ሰው አዋሽን ተሻግሮ፥ ቆላውን በሚኤሶ በኩል አልፎ፥ ወደ ጨርጨር ተራራ ሲወጣ ጭሮን ያገኛታል። በቀድሞው ስሟ አሰበ ተፈሪ ብለው የሚጠሯት አረጋውያን ዛሬም አሉ። ከተማይቱን የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው በሩሲያ አገር ተምረው የተመለሱና በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ዛሬ ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማና የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ወደ ምሥራቅ ሒርና፥ ወደ ደቡብ በዴሳና ገለምሶ፥ ከዚያም አልፎ መቻራ ይገኛሉ። ደጋው ጫትና ቡና ያበቅላል፤ ቆላው ከብትና ግመል ያረባል። ከየቤቱም አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ጅቡቲ ሄደዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ቀን በጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የጫት ነጋዴ ከጎኔ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፤ ዳታውን ከፈተ፤ የታሰረውን ጫት ፎቶግራፍ ለደንበኛው ላከ፤ መልሱ እንደ ደረሰውም ዳታውን ወዲያው ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ከፈተው፤ አየና እንደገና ዘጋው። ሻይ እስክንጨርስ ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ሳይከፍትና ሳይዘጋ አልቀረም። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ክፍት ከተውሁት እኮ ብሩን ይበላዋል» አለኝ።

የዚህ ነጋዴ ነገር ከቶ ከልቤ አልወጣም። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ዋጋው በሰዓት የሚቆጠር ሸቀጥ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ ቶሎ የሚደርስ ወሬ የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር ይህ ነጋዴ ነው። ለሚፈልገውም ወሬ ገንዘብ ለመክፈል ዝግጁ ነው። ሆኖም ከፍሎ የገዛውን ዕቃ ይፈራዋል፤ እንደ ተናካሽ ውሻ ለአንድ አፍታ ይፈታውና መልሶ ያስረዋል። ደንበኛው የሚፈራው ሸቀጥ እንዴት ትርፍ ሊያመጣ ይችላል?

ፍርሃቱ ደግሞ ከንቱ አይደለም። በብዙ አገር እንደሚደረገው፥ አንድ ሰው በ«ጥቅል» መልክ የገዛው ዳታ ሲያልቅ የቀረው አገልግሎት ከዋናው ሂሳቡ ላይ፥ ያውም ከጥቅሉ በሚበልጥ ዋጋ ሊቆረጥበት ይችላል። እኔም ራሴ አንድ ሌሊት ስልኬን ክፍት ትቼ ተኝቼ፥ ጠዋት ሂሳቤን ባየው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ገንዘቤ የት እንደ ገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንደዚያ ነጋዴ መክፈትና መዝጋት ተማርሁ። ኩባንያው ከእኔ ያገኘው የአንድ ሌሊት ገንዘብ ነው፤ ያጣው ግን ያለ ሥጋት የምጠቀምባቸውን ወራት ሁሉ ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ አገልግሎቱ ቆሞ «አልቋል፤ ልቀጥልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሱቅ ገብቶ ስኳር እንደሚገዛ ሰው ዋጋውን አስቀድመን ዐውቀን እንገዛ ነበር።

አሁን ደግሞ በሻጩ ወገን ሆነን እንመልከት። የአንድ ማማ ወጪ ከሚያልፍበት የዳታ ብዛት ጋር አብሮ አይሄድም ማለት ይቻላል። ብረቱ ተገዝቶ ተተክሏል፤ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ መጥቷል፤ ጥበቃው ደመወዝ ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጭሮ ተኝታ ሳለች ይህ ሁሉ ወጪ አይቀርም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን ተማሪው፥ ነጋዴውና የቤት እመቤቲቱ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚከፍቱ መንገዱ ይጣበባል። ስለዚህ በባዶው ሰዓት የሚሸጥ ዳታ በርካሽም ቢሸጥ ለኩባንያው አብዛኛው ትርፍ ነው፤ በተጣበበው ሰዓት የሚሸጠው ግን ሌላ ማማ ያስተክላል። የሌሊት ጥቅል በርካሽ የሚሸጠው ለዚህ ነው እንጂ ለቸርነት አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ጫት ገበያ ለሚወርደው ሰው የሚስማማ የንጋት ጥቅል ቢዘጋጅ ደግሞ ለጨርጨር ኑሮ ይበልጥ የተሰፋ ልብስ ይሆን ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ነገር የዳታ ዋጋና ጥቅም በሚዛን ሲተያዩ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ140 ባይት አይበልጥም። አንድ ሜጋባይት እንግዲህ ከ7000 በላይ የጽሑፍ መልእክት ይይዛል ማለት ነው። ያው አንድ ሜጋባይት ግን ለቪዲዮ የጥቂት ሰኮንድ ስንቅ ነው። «እናቴ ታማለች፥ ቶሎ ና» የሚለው ቃል ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ዋጋው ግን ለተቀባዩ ከሰዓታት ጭፈራና ቀልድ ይበልጣል። ኩባንያው ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ በሜጋባይት ሲሸጥ፥ ወርቅና ድንጋይ ባንድ ሚዛን በአንድ ዋጋ እንደሚሸጥ ነጋዴ ይሆናል።

እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ላንሣ። የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ስለዚህ በቁቤ ኦሮምኛ የሚጽፈው የጭሮ ሰው በአማርኛ ከሚጽፈው ጎረቤቱ በአንድ መልእክት ሒሳብ ብዙ ፊደል ያተርፋል። የአማርኛው ጸሓፊ ግን ወይ ያሳጥራል፥ ወይ ቋንቋውን በላቲን ፊደል ያንሻፍፋል። የእጅ ስልክን የሠሩት ሰዎች ይህን ሲያደርጉ እኛን አላሰቡንም፤ አላስታወሱንምና አንቀየማቸውም።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአገራችን የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዶኮሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «አይ-ሞድ» የሚል የእጅ ስልክ አገልግሎት ከፈተ። በአውሮፓ በዚያው ሰሞን «ዋፕ» የሚባል ተመሳሳይ ነገር ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ደንበኛው በተገናኘበት ደቂቃ ልክ ስለሚከፍልና አገልግሎቱም ዘገምተኛ ስለ ነበረ ብዙ ወዳጅ አላገኘም። ዶኮሞ ግን ያስከፈለው በደቂቃ ሳይሆን በተላለፈው መልእክት መጠን ነው፤ ስለዚህ ሰዉ ሰዓት እየቆጠረ አልተሸበረም። ከዚህም በላይ የባቡር ሰዓት፥ የአየር ጠባይ፥ የባንክ ሂሳብ፥ ጨዋታና ሥዕል የሚያቀርቡ ሌሎች ሰዎች በሩን ከፈተላቸው። ደንበኞቹ ለእነርሱ የሚከፍሉትን ገንዘብ በስልኩ ሂሳብ እየሰበሰበ፥ ከመቶ 9 እጁን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ለሠሪዎቹ ሰጣቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አገኘ። በኋላ ስማርት ስልክ መጥቶ አይ-ሞድን አስረጀው፤ የአሠራሩ ጥበብ ግን አላረጀም። ኩባንያው የብዙ ሠሪዎችን ዕቃ የሚያደርስ ገበያ ሆነ፤ ትርፉን ለብቻው ለመብላትም አልቸኮለም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥሩ ጅምር አልታጣም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የቡናንና የሌላውን እህል ዋጋ በስልክ አሰማ፤ 929 የደወለ ሰው የዕለቱን ዋጋ ይነገረው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ተከፈተ። ገበሬው በነጻ ይደውል ነበር፤ አማርኛ፥ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መርጦ ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ይሰማ ነበር። ከዚህ የምንማረው ብርቱ ነገር አለ። ገበሬው «ቴክኖሎጂ አይወድም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ገበሬው ያልወደደው በማያውቀው ቋንቋ የሚጻፍለትን ነበር፤ በአፉ ቋንቋ የተነገረውን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማው።

እንግዲህ በጭሮና በአካባቢዋ ዳታ ሊሸጥ የሚያስብ ኩባንያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ቋንቋና ድምፅ ነው። በዚህ አገር ብዙ ሰው መጻፍ አያዘወትርም፤ ድምፁን ቀርጾ መላክ ግን ያዘወትራል። በቴሌግራም፥ በኢሞና በዋትሳፕ የሚላከው አጭር የድምፅ መልእክት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ ሆኗል። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ዋጋው ለላኪው ብዙ ነው። ለድምፅ መልእክት ብቻ የሚሆን ርካሽ የሳምንት ጥቅል ቢሸጥ፥ አያትም ሳይቀሩ የዳታ ደንበኛ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ።

ኩባንያዎቹ በዚህ ላይ አንድ ሥጋት አላቸው፤ ሥጋታቸውም እውነት አለው። ቀድሞ ከጂዳ ወይም ከሪያድ ወደ ሒርና የሚደወለው ስልክ ለቴሌ የውጭ ምንዛሪ ያስገኝ ነበር። ዛሬ ልጂቱ በኢሞ ትደውላለች፤ እናቲቱም በቪዲዮ ያዩአታል፤ ያ ገቢ እየቀረ ነው። አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ጥሪ መከልከል መፍትሔ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን እንደዚህ አላስብም። እናቲቱ ስማርት ስልክ የያዙት ለኢሞ ሲሉ ነው። ይህ ጥሪ ባይኖር ስልኩንም፥ ዳታውንም ባልገዙ ነበር። ይልቅስ ልጂቱ በሪያድ ሆና ለእናቷ የወሩን ዳታ በቀላሉ ገዝታ የምትልክበት መንገድ ይስፋ። ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፤ እናቲቱም ዳታቸውን ለመክፈት አይፈሩም፤ ኩባንያውም በሌላ በር የወጣበትን በዚህ በር ያስገባል።

ስለ ዋጋም ልናገር። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ዳታን ዋጋ በ43 ከመቶ፥ የድምፅ ጥሪን በ40 ከመቶ ቀነሰ። በጊዜው «ይህ ኪሳራ ነው» ያሉ አልጠፉም። የኩባንያው ገቢ በ2011 ዓ.ም. 36.3 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. 47.7 ቢሊዮን ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 93.7 ቢሊዮን ደረሰ። ይህ ሁሉ የዋጋ ቅነሳው ፍሬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የደንበኛው ቁጥር በዝቷል፥ የብሩም የመግዛት ኃይል ወርዷል። ነገር ግን በርካሽ መሸጥ ኩባንያ እንደማይገድል ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የሆነ ሆኖ ርካሽነት ብቻውን አይበቃም። ከውጭ የሚመጣው ኢንተርኔት ወደብ ለሌላት አገራችን በጎረቤቶች በኩል፥ በተለይም በጅቡቲ በሚደርሰው የባሕር ውስጥ ገመድ ይገባል። መሣሪያውም፥ የመገናኛው ኪራይም በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጪ በብር ሲሰላ እጅግ ከብዷል። ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚያየውን ቪዲዮ በአገር ውስጥ ባለ ማከማቻ ማስቀመጥ አንዱ ማቅለያ ነው፤ የጨርጨር ልጅ የሚያየው የሠርግ ዘፈን ባሕር ተሻግሮ መመላለስ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ልግባ፤ የሁሉም ቁልፍ ያለው እዚህ ይመስለኛል። በኬንያ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ኤም-ፔሳ ገንዘብ በስልክ ማስተላለፊያ ነው። አንድ መልእክት፥ ጥቂት ባይት፤ ለላኪው ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ዛሬ ለባለቤቱ ለሳፋሪኮም ከድምፅ ጥሪ ይልቅ የበለጠ ገቢ የሚያመጣው ይኸው ነው። በእኛ አገር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አገልግሎቱን የከፈተው በአዲስ አበባ ሳይሆን በዚሁ በምሥራቁ ክፍል፥ በድሬ ዳዋ ነበር። በ07 የሚጀምረው የስልክ ቁጥር ከ09 ጎን የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳም በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ።

ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም በ*127# ይሠራል። ይህ ለዳታ ሻጩ ጉዳት ይመስላል፤ እኔ ግን ጥቅም ነው እላለሁ። የገለምሶ ቡና ሻጭ አንድ ጊዜ በተራው ስልክ ገንዘብ ተቀብሎ ካመነ፥ ነገ በስማርት ስልክ ሂሳቡን ማየት፥ ደረሰኝ ማስቀመጥ፥ ብድር መጠየቅ ይፈልጋል። ዳታ በሩ ይሆናል፤ ትርፉ ያለው በቤቱ ውስጥ ነው። እንግዲህ ኩባንያው በቴሌብር ወይም በኤም-ፔሳ ለሚገበያይ ነጋዴ ያንን መተግበሪያ ብቻ ያለ ዳታ ሂሳብ ቢከፍትለት፥ የሚያጣው ኢምንት ነው፤ የሚያገኘው ግን ቀኑን ሙሉ ዳታውን የማይዘጋ ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድማጮቼ ይታዘቡኛል። ነጋዴ ንግዱን በእጅ ስልክ ላይ የሚመሠርተው ነገም እንደሚሠራ ሲተማመን ነው። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የመዘጋቱን ምክንያት መመርመር የዛሬው ንግግሬ አይደለም። ነገር ግን ደንበኛ በዚያን ጊዜ የተማረው ትምህርት አለ፤ ዳታ የሚጠፋ ነገር ስለ ሆነ ጥሬ ገንዘብ በኪስ፥ የደላላም ስልክ በወረቀት መያዝ ይሻላል የሚለውን ነው። ይህን ትምህርት የሚያስረሳ ማስታወቂያ እስካሁን አልተሠራም። የመብራት መጥፋትም ትንሹ ወንድሙ ነው። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ማማው ጸጥ ካለ፥ ከሩቅ ቀበሌ ወርዶ የመጣው ሰው ገንዘቡን ሳይቀበል ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በስልክ ክፈሉኝ አይልም። በቆላው በኩል ፀሓይ እንደ ልብ ናት፤ ናፍጣ ከማመላለስ የፀሓይ ኃይል ማስገባት በነዚያ ማማዎች ላይ ወጪውን ቶሎ ሳይመልስ አይቀርም።

የስማርት ስልክ ዋጋም አለ። ለአንድ የቦኬ ገበሬ ከዳታው ይልቅ የሚከብደው መሣሪያው ነው። ቡና ሲሸጥ ብር ያገኛል፤ በሌሎቹ ወራት ግን እጁ ባዶ ነው። ስልኩን በብድር ሰጥቶ ክፍያውን በቡናው ወራት መቀበል፥ በየወሩ እኩል ክፍያ ከመጠየቅ ይልቅ ለአገሩ ይስማማል። የወሩን ደመወዝ የሚቀበል ሰው ያወጣው የክፍያ ሰሌዳ በጨርጨር የሚሠራው ለመምህሩና ለጸሓፊው ብቻ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚያ የጭሮ ነጋዴ ልመለስ። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ስንት ሲም ካርድ እንደ ሸጡ ይነግሩናል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻቸውን ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። እኔ ደግሞ በጭሮ፥ በበዴሳና በሚኤሶ ሌላ ቁጥር ቢቆጠርልኝ እወዳለሁ፤ ይኸውም ዳታውን ጠዋት ከፍቶ እስከ ማታ ሳይዘጋው የሚውል ሰው ስንት ነው የሚለውን። ያን ቁጥር በየወሩ የሚያይ የኩባንያ ሹም፥ ጥቅሉን መቼ ማሳነስ፥ መቼ ማስፋት፥ በየትኛው ማማ ላይ ባትሪ መጨመር እንዳለበት ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ይረዳል።